አፉ የእኔ፣ ድምፁ የእሷ

ቁጣ የለኝም የምትል ሴት ካጋጠመቻችሁ እኔ አይደለሁም። እኔ እጮኻለሁ። ጮኼ ጮኼ ሲወጣልኝ ሻይ አፈላለሁ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ቤተሰቦቼ ይህን ስለሚያውቁ «የእትዬ ቁጣ ሻይ እስኪፈላ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እየሳቅሁ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን የተጎዳሁት በዚያች ቀልድ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ሰጥተው የረሷቸው ዕቃዎች የሚቀመጡበት መደርደሪያ ነበረው፤ አንድ ቀን ከዚያ ላይ የቪዲዮ ካሜራ አንስቶ ቤት ይዞ መጣ። «ባለቤቱን ሁለት ዓመት ጠበቅሁት፤ አሁን ደግሞ እሱ ይጠብቀኝ» አለ። የካሜራው ምስል ደህና ነበር። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ካሴቱን የሚያዞረው ሞተር ያጉረመርማል። ግርርርር! ማይኩ ደግሞ የተገጠመው ሞተሩ አጠገብ ስለሆነ፣ የቀረጽነውን ስናየው እማማ ወፍጮ ቤት ቆማ የምትናገር ትመስል ነበር።

አባባ ፈታው፣ ዘይት ቀባው፣ በስፖንጅ ጠቀለለው፤ አልሰማ አለ። መጨረሻ ላይ «ድምፅን የሚሸፍነው ድምፅ ነው» አለና እኔን ከካሜራው ጎን አቆመኝ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። «ወደ ማይኩ ጠጋ በይና ዝፈኚ። እንዳትጮኺ፤ እንዳታቋርጪም።» ዘፈንኩ። ካሴቱን መልሰን ስናየው ሞተሩ ከሥር ቢኖርም ልብ የሚለው ሰው የለም፤ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። እማማ እጆቿን አጨበጨበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ካሜራ ያለ እኔ አይነሳም። አባባ ይቀርጻል፣ እኔ አጅባለሁ።

ዘፈን ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ከሬዲዮ የሰማሁትን እንዳልዘፍን አባባ ከልክሎኛል። «የሰው ዘፈን የሰው ነው» ይል ነበር፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ካሜራው የሚያየውን እያየሁ ከራሴ እፈጥራለሁ። እማማ ልብስ ስታሰጣ የልብስ ዘፈን፣ ዝናብ ሲዘንብ የዝናብ ዘፈን። ታናሽ እህቴ ጩጬ በአንድ ዓመቷ የመጀመሪያ እርምጃዋን ስትራመድ ደግሞ ይችን ዘፈንኩላት፦

«አንድ እግር ለእናት፣ አንድ እግር ለአባት፣
ብትወድቂ አትፍሪ፣ እህት አለች ከፊት።»

ልጆቹ እኛ ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ጩጬ። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስሙ ግን እንደ ማስቲካ ተጣብቆባት ቀርቷል። እማማ ሥራ ውላ ስለምትመጣ አጥቤ፣ አብልቼ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዘፈን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ልቆጥር አይደለም... ኧረ ልቆጥር ነው! ዛሬ ካልቆጠርኩ መቼ ልቆጥር ነው?

የዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ነበር፤ በዘጠኝ ካሴት ውስጥ ፊቴ የለም። ሁሌ ከካሜራው ጎን ነኛ! አንድ ጊዜ አኩርፌ «ለምንድነው እኔ የማልታየው?» ብዬ አለቀስኩ። አባባ አጠገቡ አስቀመጠኝና «እኛ አንዳንድ ቦታ ብቻ ነው ያለነው። አንቺ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለሽ» አለኝ። አመንኩት። አድጌ ልብስ ሰፊ ሆኜም አምነው ነበር። ገበር አይታይም፤ ያለ ገበር ግን ኮት አይቆምም፤ እያልኩ።

አምና በግንቦት አንገቴ ላይ የነበረውን እንቅርት አስወጣሁ። ሐኪሙ «የድምፅ ጅማት ሊነካ ይችላል» ብሎ ነግሮኛል፣ እኔም አንብቤ ፈርሜያለሁ፤ የምወቅሰው የለም። ተነካ። አሁን ስልክ ሳነሳ ሰዎች «ጋሼ» ይሉኛል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው ግን እንቅርቱ ከሄደ በኋላ ነው የባሰው። ደንበኞቼን በዚህ አስቃቸዋለሁ። ማታ ማታ ግን ከሁሉም የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነበር፤ ድምፄ አባባ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ዘጠኝ ካሴት ላይ ተቀምጧል። ማጫወቻው ከተበላሸ ዘመን ቢያልፈውም ካሴቱ አለ። አንድ ቀን አስገልብጬ እሰማዋለሁ እያልኩ እተኛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ ሰማንያ ዓመት ሞላው። ዓይኑ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ግብዣው ጩጬ ቤት ነበር። ጩጬ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ናት፤ በዚያ ላይ ኢንተርኔት ላይ የልጆች መዝሙር እየዘፈነች ትለቃለች፣ የሚከተላት ሰውም እንደ ጉድ ነው። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ መጋረጃውን ዘጋችና «አሁን ለአባባ ስጦታ አለኝ» አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ፍላሽ ሰካች።

እማማ ብቅ አለች። በሕይወት ሳለች፣ በዚያ በሰማያዊ ቀሚሷ። ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምስሉን ላይ ሳይሆን ራሴን ልሰማ።

የመጣው ፒያኖ ነው። ከዚያ ከበሮ፣ ያ በኮምፒውተር የሚመታው። ከዚያ ድምፅ፦ «አንድ እግር ለእናት፣ አንድ እግር ለአባት...» ዘፈኑ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ ነው። የዘፈነችው ግን ጩጬ ናት፤ ያ እንደ ማር የሚሳብ የኢንተርኔት ድምፅዋ።

ዓይኔን ስገልጥ ሕፃኗ ጩጬ እየተንገዳገደች ትራመዳለች። ከኋላዋ የቁም ሣጥናችን በር በነፋስ ተከፈተ፤ በሩ ላይ መስታወት ነበረው። መስታወቱ ዞረና አባባን አሳየ፣ ከዚያ እኔን። የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ፣ አፏን ማይኩ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። በዘጠኝ ካሴት ውስጥ ፊቴ ያለበት ቦታ ያ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። አፌ ይከፈታል፣ የጩጬ ድምፅ ይወጣል። አፌ ይዘጋል፣ የጩጬ ድምፅ ይቀጥላል።

ጎረቤቷ የሆነች ሴት «ጩጬ፣ ምን ያለ ድምፅ ነው! ይሄ መዝሙር ያንቺ ነው እንዴ?» አለቻት። ጩጬ ፈገግ አለች። ነው አላለች፣ አይደለም አላለች። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ስታጥብ ተከትያት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጮኽኩ፤ በዚህ በተሰነጠቀው ድምፄ ሰው ሲጮኽ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።

«ድምፄን የት አደረግሽው?»

«እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል...»

«ይስማ! ድምፄን የት አደረግሽው ነው የምልሽ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ያ ሁሉ ከደረሰብሽ በኋላ የድሮ ድምፅሽን ብትሰሚ ትሰበሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ወር ለልደቱ ላስገለብጥ ስወስደው፣ እትዬ ይህን መስማት የለባትም ብዬ ነው ያስቀየርኩት። አጠፋሁ እንዴ?»

አንጀቴን በላችው። ምን ላድርግ፣ ያሳደግኳት ናት። በሽርጤ እንባዋን ጠረግሁላት። «ቂል፣ እኔ እኮ እሱን ለመስማት ነው የምኖረው» አልኳት። «ዋናው ድምፅ ግን አለ አይደል?»

«ስቱዲዮው ጋ ይኖራል» አለች፤ ብርጭቆዋን እያየች።

በእናታችሁ፣ እዚያው ሻይ አፈላሁ።

ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮው ሄድኩ። ከጫማ መሸጫ በላይ፣ አንድ ጠባብ ደረጃ የሚወጣበት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የሙሽሮች ፎቶ ተደርድሯል፤ አቀናባሪው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሁለት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ትሁት ሰው ነው። «አቤት እናቴ» አለኝ።

«የእህቴ ሥራ ነበር፤ የቤት ቪዲዮ፣ ዘጠኝ ካሴት። ማጀቢያው የተቀየረበት። ዋናውን ድምፅ ፈልጌ ነው።»

«አወቅሁት፣ አወቅሁት። ያ ሞተር ያለበት!» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን እያወረደ ፈለገና «ይኸው፤ የካቲት ዐሥራ ሁለት ገባ» አለ።

«አዎ፣ ባለፈው ወር» አልኩ።

«የለም፣ የአምና ነው። የአምናው መዝገብ ነው ይሄ።»

አምና በየካቲት እኔ እዘፍን ነበር። ልብስ ስሰፋ እዘፍናለሁ፣ ደንበኛ ስለካ እዘፍናለሁ። እንቅርቴን ገና ሐኪም እንኳን አላየውም። ድምፄ ሳይጠፋ ሦስት ወር ቀድማ አጥፍታዋለች! ያ በሽርጤ የጠረግሁት እንባስ?

ሰውየው ግን አላስተዋለኝም፤ ስለ ሥራው ማውራት ይወዳል። «እኔ እንዲያውም ለምኛቸው ነበር። ሞተሩን ላንሳው፣ ድምፁን ተዉት አልኳቸው። በሥራዬ ስንት ዘፋኝ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያች ልጅ ግን... ማናት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ነበረች አሉኝ። ‹ሰዎች ይቺን ከሰሙ እኔን ትተው እሷ ማናት ነው የሚሉኝ፤ አንሳው› አሉ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ልጅቷ። እኔ ነኝ።»

ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። ይህን የጋሼ ድምፅ ሰምቶ ማመን እንደከበደው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ አልፈረድኩበትም። ስልኬን አውጥቼ የአንገቴን ጠባሳ ሳሳየው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስልኬን ለምን እንዳወጣሁት እኔም አላውቅም፤ እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው።

«ካሴቶቹስ?»

«እሳቸው አልወሰዷቸውም። ጣሏቸው ነው ያሉት። ስድስት ወር አስቀምጠን... እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አላወቅሁም።» ኮምፒውተሩን ሲፈታትሽ ቆየ። «ዋናውም ፋይል የለም። ይቺ ብቻ አለች፤ ድምፁ ምን እንደሚመስል ለእህትዎ የላክሁላቸው ናሙና ናት። ዐሥራ አንድ ሴኮንድ።»

ከፈተልኝ። ግርርርር። ከሥሩ የልጅ ትንፋሽ። ከዚያ፦ «ብትወድቂ አትፍሪ፣ እህት አለች ከፊት...» ንጹሕ፣ ቀጭን፣ ከላይ ምንም ያልተጨመረበት። ሲያልቅ ሰውየው ሌላ ነገር የሚፈልግ መስሎ ወደ ደረጃው ወጣ። ጥሩ ሰው ነው። ብቻዬን አለቀስኩ። ከዚያ ዐሥራ አንዱን ሴኮንድ ስልኬ ላይ ጫነልኝ፤ የመዝገቡንም ገጽ ፎቶ አነሳሁ።

በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩ። ወደ ጩጬ ያልሄድኩት ምክንያት አለኝ፤ ለእሷ የእኔ ጩኸት ይበዛባታል እንጂ አይከብዳትም። የሚከብዳት የአባባ ቃል ነው። «የሰው ዘፈን የሰው ነው» የሚል ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርጋት መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ፈራጅ ያለኝ መስሎኝ።

አባባ ሱቁ ከተዘጋ በኋላም አሮጌ ሬዲዮ ይፈታል፤ ዓይኑ ባያይም ጣቶቹ ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ ብሎኖቹን በየመጠናቸው በጠርሙስ ክዳን ለይቶ፣ ከፊቱ አንድ ሬዲዮ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። የካቲትን ነገርኩት። «ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ» ያለችውን ነገርኩት። ካሴቶቹ እንደተጣሉ ነገርኩት። ጣቶቹ ብሎን መፍታታቸውን አላቆሙም።

ጨርሼ ጠበቅሁ።

«መጣላቸውን አላወቅሁም» አለ።

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ። «ሌላውንስ?»

«ካሴቶቹን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ የተደበቀ ነገር የሚናዘዝ ሰው ግን አይመስልም፣ የተበላሸ ሬዲዮ ታሪክ የሚነግረኝ ነው የሚመስለው። «መጥታ አጫወተችኝ። የኢንተርኔት ሥራዬ ሊነሳልኝ ነው፣ የቤታችን ዘፈኖች ደግሞ ዝም ብለው ተቀምጠዋል አለችኝ። እውነቷን ነው አልኩ። አንቺ የስፌትሽን ሥራ ይዘሻል፣ የሚጎድልብሽ የለም። እሷ ግን ገና መንገድ ላይ ናት። ድምፅሽ እንደሚሄድ ደግሞ ማን አወቀ?»

«የሰው ዘፈን የሰው ነው ትል አልነበር?»

«አንቺ ሰው ነሽ እንዴ? ልጄ ነሽ እኮ። የቤት ነው ብዬ ነዋ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። እኔን የጣለኝ ሁለተኛው ፈረስ ነው፤ የመጀመሪያው ጥሎኝ ወደ እሱ ስሮጥ።

«‹እትዬ ብትሰማስ?› ብላኝ ነበር» አለ አባባ፤ የሚያጽናናኝ መስሎት ፈገግ እያለ። «እኔ ነኝ አይዞሽ ያልኳት። እትዬ አትቀየምም፤ ትጮኻለች፣ ሻይዋን ታፈላለች፣ ያልቃል አልኳት።»

ልጮኽ አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም። ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ብሎኖቹ መሀል አስቀመጥኩና ዐሥራ አንዱን ሴኮንድ ከፈትኩት።

ግርርርር። ጣቶቹ ቆሙ። «ሞተሩ!» አለ፣ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ከዚያ ድምፄ መጣ። ፊቱ ተለወጠ። አንገቱን ወደ ስልኩ አዘነበለ፤ አንድ እጁ ተነስቶ፣ በፊት ካሜራ ሲይዝ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ፣ በቀኙ በኩል፣ አየሩን ዳሰሰ። እኔ የተቀመጥኩት በግራው ነበር። «እህት አለች ከፊት» ብሎ ድምፁ አለቀ።

ከማያዩት ዓይኖቹ እንባ ወረደ። የጩጬ ቪዲዮ ቅዳሜ ዕለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ አጨብጭቧል እንጂ አላለቀሰም።

«ድገሚልኝ» አለ።

ስልኬን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ድገሚልኝ እንጂ ልጄ። እኔ እኮ የማየው በጆሮዬ ነው።»

«የጩጬን ስማ፣ አባባ። የእሷ ጥራት አለው።»

«ተቆጣሽ?» አለ። እጁን ሲዘረጋ አንዱን የጠርሙስ ክዳን ገፋው፣ ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሌላ ቀን ቢሆን ተንበርክኬ እለቅምለት ነበር። «ጩኺብኝ ታዲያ። ጩኺና ይውጣልሽ።»

«አልተቆጣሁም» አልኩት። «ተቀይሜያለሁ።»

ከተወለድኩ ይህን ቃል በዚያ ቤት ተናግሬው አላውቅም። አባባ አፉን ከፍቶ ወደ ድምፄ ዞሮ ቀረ። ሻይ ሳላፈላ ወጣሁ።